በኪት የተጠመቀ ላገር ቢራ፦ ፍሪጅ ውስጥ መቼ ይግባ? ምን ያህልስ ይቆይ?

የአዌቱ ዳር ▪ ጥር 9፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው። ወንድሜ ገናን አብሮን ለማሳለፍ ከውጭ ሲመጣ፣ «ላገር» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ቆርቆሮ የቢራ ኪት በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ቆርቆሮው 1.7 ኪሎ የሚመዝን፣ ሆፕ (ቢራን መራራ የሚያደርገው ተክል) አስቀድሞ የገባበት፣ እንደ ጥቁር ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ ሲሆን፣ ከክዳኑ ሥር 7 ግራም ደረቅ እርሾ ታሽጎ ተቀምጧል። ታኅሣሥ 25 ቀን ጭማቂውን ከ1 ኪሎ ስኳር ጋር በፈላ ውሃ አሟሟሁና፣ ቀድሜ አፍልቼ ባቀዘቀዝሁት የቧንቧ ውሃ 23 ሊትር ሞላሁት። ከዚያ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ሆኖ እርሾው ተበተነበት። የፈሳሹን እፍግታ የምለካበት ሃይድሮሜትር በመጀመሪያው ቀን 1.040 አነበበ። ባልዲው ያለበት ጓዳ ቀን 22፣ ሌሊት 18 ዲግሪ ይሆናል።

በአምስተኛው ቀን ክዳኑ ላይ ያለው፣ ጋዙ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚወጣበት ማስተንፈሻ መንፋት አቆመ። ከትናንት ወዲያ ስለካው 1.010 ነበር፤ ዛሬም 1.010 ነው። ከቆርቆሮው ጋር የመጣው ወረቀት «መፍላቱ ሲያበቃ ወደ ጠርሙስ ይገልበጥ» ብሎ ያልፋል። አንድ የቢራ ነገር አውቃለሁ የሚል ወዳጄ ግን፣ ላገር ስድስት ሳምንት በብርድ ካልተኛ ላገር አይባልም ብሎኛል። መደርደሪያዎቹ ቢወጡ ባልዲውን የሚይዝ አሮጌ ፍሪጅ አለኝ። ዛሬውኑ ላስገባው? ወይስ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ይቀዝቅዝ? ለስንት ጊዜ? መብራት እንደልብ በማይገኝበት ሰፈር መሆኔንም እንድታስቡልኝ እለምናለሁ።

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 9፣ ከምሽቱ 4፡02

ወንድሜ፣ ዛሬ አያስገቡት። የማቀዝቀዙ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ የመጀመሪያው የእርሾው ዓይነት፣ ሁለተኛው ደግሞ እርሾው ሥራውን በእርግጥ ጨርሶ እንደሆነ ነው።

«ላገር» የሚለው ቃል የመጣው ማከማቸት፣ ማስቀመጥ ከሚል የጀርመንኛ ግሥ ነው። የእውነተኛው ላገር እርሾ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ቢራው ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ባለ ብርድ ይተኛል። ነገር ግን «ላገር» የሚል ስም ለጥፈው ከሚሸጡት ኪቶች ብዙዎቹ የሚይዙት የኤል እርሾ፣ ማለትም በቤት ሙቀት የሚሠራ የቢራ እርሾ ነው፤ ምክንያቱም ገዢው በቤቱ ሙቀት፣ ያለ ፍሪጅ፣ ቢራ እንዲያወጣ ታስበው የተሰናዱ ናቸው። የእርስዎ እርሾ በ20 ዲግሪ ገደማ በአምስት ቀን ውስጥ አብዛኛውን ሥራ መጨረሱ ወደዚያው ያመለክታል። በመመሪያው ወረቀት ላይ የሚመከረውን የመፍሊያ ሙቀት ቢያዩ፣ ከ18 ዲግሪ በላይ የሚል ከሆነ ጥርጣሬዬ ይጸናል።

አሁን ጥያቄዬን ይመልሱልኝ፤ ሲቀምሱት ምን ምን ይላል?

---

የአዌቱ ዳር ▪ ጥር 10፣ ጠዋት 1፡40

ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት፤ «ከ21 እስከ 27 ዲግሪ» ይላል። የቀመስሁት ናሙና መራራነቱ ደህና ነው፤ ጉሽ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ያልለመድሁት ነገር አለው። ባለቤቴ ቀምሳ ወዲያው «ለጋ ቅቤ ይሸታል» አለች። ከዚያ በኋላ እኔም ከቅቤው ሌላ ሊሸተኝ አልቻለም።

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 10፣ ከቀኑ 6፡30

ባለቤትዎ ሁለት መቶ ዶላር ከሚያወጣ መሣሪያ የበለጠ ሥራ ሠርተዋል። ያ ሽታ ዳይአሲታይል የሚባለው ነው። እርሾ ሲያድግ አንድ ሽታ አልባ ንጥረ ነገር ወደ ቢራው ይለቃል፤ ይህም ያለ እርሾው እርዳታ፣ በራሱ ጊዜ፣ ቀስ እያለ ወደ ዳይአሲታይል ይለወጣል። እርሾው ገና ሕያውና ንቁ ከሆነ ዳይአሲታይሉን መልሶ ይወስድና ሽታ ወደሌለው ነገር ይቀይረዋል። ይህን የሚያደርገው ግን ሙቀት እስካለው ድረስ ነው። ዛሬ ወደ 2 ዲግሪ ቢያወርዱት፣ እርሾው ይተኛና አተላ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቅቤው ደግሞ ከቢራው ጋር ይቀራል። ስድስት ሳምንት ይተኛ፣ ስድስት ወር ይተኛ፣ ውጤቱ ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ባልዲውን ባለበት፣ በ20 ዲግሪ ገደማ፣ ቢያንስ ሦስት ቀን ይተዉት። እውነተኛ ላገር የሚጠምቁ ሰዎች በ10 ዲግሪ ያፈሉትን ቢራ መጨረሻው ላይ ሆን ብለው ወደ 16 እና 18 ዲግሪ ከፍ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ይህን ሙከራ ያድርጉ። ሁለት ብርጭቆ ናሙና ይቅዱና ሁለቱንም በሰሐን ይክደኗቸው፤ አንዱን 60 ዲግሪ በሆነ የውሃ መዘፍዘፊያ ውስጥ 20 ደቂቃ ያቆዩት፤ ሌላውን እንዲሁ ይተዉት። የሞቀውን አቀዝቅዘው ሁለቱንም ያሽቱ። ሙቀቱ ያልተለወጠውን ንጥረ ነገር ወደ ዳይአሲታይል ያፈጥነዋልና፣ የሞቀው ብርጭቆ ብቻ ቅቤ ቢሸት እንኳ ቢራው ገና ነው ማለት ነው። አሽታቹ ባለቤትዎ ይሁኑ፤ የትኛው ብርጭቆ የትኛው እንደሆነ አይንገሯቸው።

---

የጅሬን ዳገት ▪ ጥር 10፣ ከምሽቱ 1፡10

ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የስድስት ሳምንቱ ነገር በከንቱ የተባለ አይደለም። የባቫርያ ጠማቂዎች ቢራቸውን በዋሻና በጕድጓድ ውስጥ፣ በክረምት ከሐይቅ ላይ ተቆርጦ በተከማቸ በረዶ እያቀዘቀዙ ለወራት ያስተኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽኑን ሲሠራ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ ውስጥ የሙኒክ ቢራ ጠማቂዎች ነበሩ። ያን ሁሉ ወጪ ያወጡት ጥቅም ባያገኙበት አይደለም። እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ኪት ጠምቄ ለሁለት ወር አቀዝቅዤው በጣም ጥሩ ሆኖልኛል።

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 10፣ ከምሽቱ 3፡25

ጥቅም የለውም አላልሁም። ብርዱ የሚሠራውን ሥራ ከማይሠራው መለየት ነው የፈለግሁት። ብርድ እርሾን ያስቀምጣል። ከብቅሉ የመጣ ፕሮቲንና ከሆፑና ከገለባው የመጣ ፖሊፌኖል የሚባል ንጥረ ነገር ሲቀዘቅዙ ተያይዘው ይቋጠራሉ፤ ጊዜ ካገኙ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ቢራውም ይጠራል፤ ሻካራው መራራነትም ይለሰልሳል። የላገር እርሾ በብዛት የሚያወጣው የድኝ ሽታ፣ ማለትም የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የኤል እርሾ ግን ድኙን በዚያ መጠን አያወጣም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ኪት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በባልዲ ውስጥ መቀዝቀዙ የሚፈለገውን አብዛኛውን ነገር ያስገኛል፤ የቀረውን ጠርሙስ ውስጥ ይጨርሳል። የእርስዎ ቢራ በሁለት ወር ጥሩ መሆኑን አምናለሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ቀምሰውት ነበር?

---

የጅሬን ዳገት ▪ ጥር 10፣ ከምሽቱ 3፡50

አልቀመስሁትም። ይህን አልክድም።

---

እትዬ ማድጋ ▪ ጥር 12፣ ጠዋት 4፡20

እናንተ ልጆች ስትነጋገሩ አንብቤ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ጠላ ጠምቄአለሁ። ጠላ ጥንስሱ ተጥሎ፣ ድፍድፉ ተደፍድፎ፣ ውሃ ከተሞላበት በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠልሎ ይጠጣል። ቢቆይ ይኮመጥጣል። ይህ የእናንተ ነገር ሁለት ሳምንትና ስድስት ሳምንት ሲተኛ እንዴት አይኮመጥጥም? ደግሞስ ጌሾ ካነሰው ነው እንዳይባል፣ ጌሾ ጨርሶ የለውም። ትንሽ የጌሾ እንጨት ጣል ቢያደርግበት አይጠብቀውም?

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 12፣ ከቀኑ 7፡05

እትዬ፣ ጥያቄዎ ከሁላችንም ጥያቄ ይበልጣል። ጠላ የሚኮመጥጠው ከእርሾው ጋር አብረው የሚያድጉ አሲድ አምጪ ባክቴሪያዎች ስላሉበት ነው፤ ከጌሾውም፣ ከእህሉም፣ ከማድጋውም ይመጣሉ፤ የጠላው ጣዕምም ያለ እነርሱ አይሟላም። በኪት ቢራ ግን የብቅሉ ጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ፈልቶ የታሸገ፣ እርሾውም ለብቻው የተራባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ኤሚል ክርስትያን ሐንሰን በኮፐንሃገን ካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከአንድ ሴል የተራባ ንጹሕ የላገር እርሾ ካገኘ ወዲህ፣ ቢራ ጠማቂዎች በዚህ መንገድ መሥራት ችለዋል። ባልዲው ንጹሕ ከሆነ የሚያኮመጥጠው ነገር አይገባም። ንጹሕ ካልሆነ ግን ብርዱ መኮምጠጡን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።

ጌሾ መራራነት ይሰጣል፤ ሆፕም ይሰጣል፤ ዝርያቸው ግን ለየቅል ነው። በዚህ ጭማቂ ውስጥ ሆፑ ፋብሪካው ላይ ገብቶበታልና ጌሾ ቢጨመርበት መራራው ይደራረባል፤ ከእንጨቱ ጋር የሚገባው ባክቴሪያም ሌላ መዘዝ ነው።

---

እትዬ ማድጋ ▪ ጥር 12፣ ከቀኑ 9፡40

እንግዲያውስ ባልዲውን በግራዋ አጥቦ በወይራ ይጠነው ብዬ ልመክር ነበር፤ ፕላስቲክ መሆኑ ትዝ አለኝና ተውሁት።

---

የአዌቱ ዳር ▪ ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡30

ጥምቀት ዕለት ያየሁት ነገር አስገርሞኛል። እፍግታው 1.010 ላይ ቆሟል ብዬ ሳለ 1.009 ሆኖ አገኘሁት፤ ዛሬ ደግሞ 1.008 ነው። ለካ በሁለት ቀን ልዩነት ብቻ ለክቼ አልቋል ማለቴ መቸኮል ነበር። የብርጭቆውን ሙከራ ጥር 12 ሳደርግ፣ ባለቤቴ የሞቀውን ብርጭቆ ገና ከርቀት ለየችው። ዛሬ በድጋሚ ሳደርግ ሁለቱን መለየት አልቻለችም፤ እኔም አልቻልሁም።

ስለዚህ ፍሪጁን አዘጋጀሁ። መደርደሪያዎቹ ወጥተዋል፤ ከኋላ በታች ያለውን የሞተሩን ጉብታ የሚያስተካክል ጣውላ ተነጥፏል፤ ባልዲው ተቀምጧል። በሩ ግን በሁለት ጣት ያህል አልገጥም አለኝ፤ የእንቁላል ማስቀመጫው የባልዲውን ክዳን ይገፋ ኖሯል። በመጋዝ ቆረጥሁት። ባለቤቴ እስካሁን አላየችውም። መቆጣጠሪያውን መሐል ላይ አድርጌ ወደ 2 ዲግሪ እንዲወርድ ትቼዋለሁ።

---

የአዌቱ ዳር ▪ ጥር 16፣ ጠዋት 1፡15

እባካችሁ በፍጥነት መልሱልኝ። ሌሊቱን ከማስተንፈሻው ውስጥ የነበረው ውሃ ግማሹ ጠፍቷል። ያን ጊዜ ውሃው ላይ የሞተች አንዲት ትንኝ ተንሳፍፋ ነበር፤ አሁን እርሷም የለችም። ወደ ቢራው የገባች ይመስለኛል። ቢራው ተበላሸ?

---

ቆርኪ ▪ ጥር 16፣ ጠዋት 2፡00

ይህ በእኔም ደርሷል፤ ያለ ትንኝ። ባልዲው ከ20 ወደ 2 ዲግሪ ሲወርድ ከቢራው በላይ ያለው ጋዝ ይኮማተራል፤ ከዚያም ሌላ ቀዝቃዛ ቢራ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዛት ስለሚያሟሟ ጋዙ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ውስጡ ጎደሎ ሲሆን የውጭ አየር ውሃውን እየገፋ ይገባል። የገባው ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ቢራው አልኮል አለው፣ አሲድነት አለው፣ ሆፕ አለው፣ ቀዝቅዟልም፤ በአንዲት ትንኝ የሚበላሽ አይመስለኝም። ለወደፊቱ ከውሃ ይልቅ አረቄ ይጨምሩበት። ወደ ውስጥ ቢሳብም ጉዳት የለውም። ሌላው አማራጭ ባልዲው ሲቀዘቅዝ ማስተንፈሻውን አውጥቶ ቀዳዳውን በንጹሕ ፕላስቲክና በላስቲክ ማሰር ነው፤ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል እንጂ ምንም አያስገባም።

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 16፣ ጠዋት 3፡30

ቆርኪ እንዳለው ነው። የምጨምረው የገባው አየር ከውሃው ይልቅ የሚያሳስበኝ መሆኑን ብቻ ነው። ኦክስጅን ቢራን ያስረጃል፤ ጣዕሙ እርጥብ ካርቶን ወደ መምሰል ይሄዳል። የፕላስቲክ ባልዲ ክዳንም አየር በማያስገባ መልኩ አይገጥምም። በባልዲው ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲቆይ የማልመክረው ለዚህ ነው። እስከዚያው ክዳኑን አይክፈቱት፤ ለመቅመስ ብለው እንኳ አይክፈቱት።

---

የአዌቱ ዳር ▪ ጥር 19፣ ከምሽቱ 2፡45

አመሰግናለሁ፤ አረቄ አድርጌበታለሁ። አሁን ደግሞ የፈራሁት ደረሰ። ትናንት ከሰዓት መብራት ሄዶ የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው። ፍሪጁን ስከፍት ቴርሞሜትሩ 9 ዲግሪ ይላል። የአራት ቀኑ ቅዝቃዜ በከንቱ ቀረ?

---

ቆርኪ ▪ ጥር 19፣ ከምሽቱ 3፡10

ቴርሞሜትሩ የት ነው የተሰቀለው? በፍሪጁ አየር ውስጥ ከሆነ የሚነግርዎ የአየሩን ነው። አየር በሩ በተከፈተ ቁጥር ይለዋወጣል፤ 23 ሊትር ፈሳሽ ግን በቀላሉ ከቦታው አይነቃነቅም። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነክረው ከባልዲው ጎን ያቁሙት፤ ወይም ባልዲው ላይ በፕላስተር ለጥፈው ከላዩ በስፖንጅ ይሸፍኑት።

ለመብራቱ ደግሞ እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲኮችን ውሃ ሞልቼ፣ ለመስፋቱ ጥቂት ቦታ ትቼ፣ በጎረቤት ዲፕ ፍሪዘር አስረግቼ አስቀምጣለሁ። መብራት ሲሄድ ሁለቱን ከባልዲው ጎን አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ፤ ከዚያ አልከፍተውም። በፍሪጁ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል አደርጋለሁ፤ መብራት ሲመጣ ግን ብርድ ልብሱን ማንሣት አይረሳ፤ ከኋላ ያለው ሽቦ ሙቀቱን ካላስወጣ ሞተሩ ይቃጠላል።

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 19፣ ከምሽቱ 4፡20

ይህ ዘዴ ከሚመስለው በላይ ጠንካራ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ ብቻ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል። 23 ሊትር ቢራን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ደግሞ 96 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ባለ 2 ሊትር በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ የሚውጠው ሙቀት፣ መላውን ባልዲ በ7 ዲግሪ ያህል ሊያሞቅ ይችል የነበረውን ነው። ሁለት ፕላስቲክ ካለ አንድ ሌሊት በቀላሉ ያልፋል።

ቅዝቃዜው በከንቱ አልቀረም። ወደ ታች የወረደ እርሾ 5 ወይም 6 ዲግሪ ስለሆነ ተመልሶ አይነሣም፤ ባልዲው እስካልተነቀነቀ ድረስ።

---

የጅሬን ዳገት ▪ ጥር 20፣ ጠዋት 2፡30

ስለ ሙቀቱ ስትነጋገሩ ስለ ተቃራኒው ማንም አላነሣም። የአሮጌ ፍሪጅ መቆጣጠሪያ አይታመንም። የእኔ በአንድ ሌሊት ከዜሮ በታች ወርዶ 11 ጠርሙስ ፈንድቶብኛል፤ ጠዋት ስከፍተው የቢራ በረዶና የጠርሙስ ስብርባሪ ተጣብቀው ነበር። ከ4 እስከ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራል። ፍሪጁን ዜሮ ላይ ከማንጠልጠል በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ማቆየት ይሻላል፤ አንድ ሳምንት ቢጨመርበት ነው።

---

የአዌቱ ዳር ▪ ጥር 27፣ ከምሽቱ 1፡50

ዛሬ 12 ቀን ሞላው። በባልዲው ቧንቧ በኩል ትንሽ ቀድቼ አየሁት፤ ከብርጭቆው ማዶ ያስቀመጥሁትን ጽሑፍ ማንበብ ቻልሁ። ለማሸግ 48 ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቡናማ ጠርሙስ አጥቤ አዘጋጅቻለሁ፤ ቆርኪና መግጠሚያው ከኪቱ ጋር መጥቷል። ለቀረው የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ አለኝ።

ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲያበጅ የሚጨመረው ስኳር መጠን ግን ግራ አጋብቶኛል። በስልኬ ያገኘሁት ማስያ የቢራውን ሙቀት ይጠይቃል። 2 ዲግሪ ብዬ ሳስገባ በሊትር ከ4 ግራም ያነሰ ስኳር ሰጠኝ፤ 20 ስል ደግሞ ወደ 7 ግራም ከፍ አለ። የትኛውን ልመን? አሁን ቢራው ያለው በ2 ዲግሪ ነው።

---

ቆርኪ ▪ ጥር 27፣ ከምሽቱ 2፡20

20 ይበሉት። የእኔ የመጀመሪያ ኪት የከሸፈው በዚሁ ነው። 2 ዲግሪ ብዬ ያስገባሁት ቢራ፣ ለእንግዳ ስቀዳው አረፋ የሚባል ነገር ሳያሳይ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ኩልል ብሎ ብርጭቆው ውስጥ ተኛ።

---

ሊትር በሊትር ▪ ጥር 27፣ ከምሽቱ 3፡45

ምክንያቱን ላክልበት። ማስያው ሙቀቱን የሚጠይቀው፣ መፍላቱ ካበቃ በኋላ በቢራው ውስጥ ምን ያህል ጋዝ እንደቀረ ለማወቅ ነው። ቀዝቃዛ ቢራ ብዙ ጋዝ መያዝ ይችላል፤ ነገር ግን የመያዝ ችሎታ ሌላ፣ የያዘው መጠን ሌላ ነው። የእርስዎ ቢራ በ20 እና በ22 ዲግሪ ሳለ ጋዙን አስወጥቶ ጨርሷል፤ በኋላ ሲቀዘቅዝ ከላዩ ካለችው ጥቂት ጋዝ በቀር የሚመልስለት የለም። ስለዚህ የሚገባው ቁጥር፣ መፍላቱ ካበቃ ወዲህ ቢራው የደረሰበት ከፍተኛው ሙቀት ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በቢራው ውስጥ የሚቀረው ጋዝም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ማስያዎቹ ይህን አያስቡም። ልዩነቱ በሊትር ከግማሽ ግራም ስኳር ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም፤ እኔ ግን 6.5 የሚለኝን 7 አደርገዋለሁ። ለ21 ሊትር 147 ግራም ስኳር መዝነው፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልተው፣ ሲቀዘቅዝ ንጹሕ ባዶ ባልዲ ውስጥ ያፍሱት። ከዚያ ቢራውን ከአተላው በላይ በቱቦ ቀስ አድርገው፣ ሳያንቦጫርቁ፣ በላዩ ይገልብጡት። ስኳሩን በየጠርሙሱ በማንኪያ መጨመር አንዱን ዝምተኛ፣ አንዱን ቦምብ ያደርገዋል።

አሁን ዋናው ነገር፤ ጠርሙሶቹን ወደ ፍሪጅ አይመልሷቸው። ብርድ ውስጥ ከገቡ የቀረው እርሾ ስኳሩን አይነካውም። ሁለት ሳምንት በጓዳው ሙቀት፣ ከብርሃን ርቀው ይቆዩ። ቢራው መጥራቱ አያሳስብዎ፤ ዓይን የማያየው እርሾ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ፕላስቲኮቹን በየሁለት ቀኑ በእጅዎ ይጫኗቸው፤ እንደ ድንጋይ ሲጠነክሩ ጋዙ ይዟል ማለት ነው። ጓደኛዎ ያሉት ረጅሙ ብርድ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያኔ ሙሉ ባልዲ ማስገባት አይጠበቅብዎትም፤ የሚበቃዎትን ያህል ጠርሙስ እየመረጡ ያስገባሉ፤ የቀሩት ጓዳ ይጠብቃሉ።

---

የአዌቱ ዳር ▪ የካቲት 13፣ ከምሽቱ 2፡05

ፕላስቲኮቹ ጠንክረዋል። አንድ ጠርሙስ ለአንድ ሌሊት ቀዝቅዞ ተከፈተ፤ ቆርኪው ሲነሣ ተነፈሰ፤ አረፋውም ሁለት ጣት ያህል ቆመ። 24 ጠርሙስ በ3 ዲግሪ አስገብቻለሁ፤ ቀሪው በጓዳ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ በየሳምንቱ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ እከፍታለሁ። ባለቤቴ የእንቁላል ማስቀመጫውን አይታለች።

---

የአዌቱ ዳር ▪ መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 1፡20

አራት ሳምንት ሞላ። ከጓዳ አውጥቼ በአንድ ቀን ያቀዘቀዝሁትና አራቱን ሳምንት በብርድ የቆየው ጎን ለጎን ሲቀዱ ልዩነታቸው በዓይን ይታያል። የጓዳው ሲቀዘቅዝ እንደ ስስ ጉም ይደፈርሳል፤ ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲቆይና ሲሞቅ ይጠራል። ያኛው ገና ከፍሪጅ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው። መራራነቱ ሲውጡት የጓዳው ከምላስ ሥር ይቧጥጣል፤ የብርዱ አይቧጥጥም። በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ግን ትልቅ ልዩነት አላገኘሁም። ቅቤ ከሁለቱም የለም።

---

ሊትር በሊትር ▪ መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 2፡40

ያ ጉም ቀደም ብዬ ያነሣሁት የፕሮቲንና የፖሊፌኖል ቁጥርጥር ነው፤ ሲሞቅ መልሶ ይሟሟል፤ በብርድ የቆየው ግን በጠርሙሱ ግርጌ ከእርሾው ጋር ተቀምጦ ቀርቷል። ስለዚህ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሲቀዱም መጨረሻዋን አንድ ጣት ይተዉአት።

---

የጅሬን ዳገት ▪ መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 3፡15

የሁለተኛውንና የአራተኛውን ሳምንት ውጤት አንብቤአለሁ። ቀጣዩን እኔም በየሳምንቱ እቀምሰዋለሁ። እውነተኛውን የላገር እርሾ ብንሞክር ግን ስድስቱ ሳምንት ትርጉም አይኖረውም?

---

ሊትር በሊትር ▪ መጋቢት 11፣ ከምሽቱ 4፡00

ያኔ ይኖረዋል። ነገር ግን በ12 ዲግሪ የሚፈላ ቢራ ብዙ እርሾ ይፈልጋል። ደብልዩ 34/70 የሚባለው ደረቅ የላገር እርሾ በ11.5 ግራም ፖስታ ይሸጣል፤ ለ23 ሊትር ሁለት ፖስታ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻ ከገባ ለመነሣት ይዘገያል፤ ድኙም ቅቤውም ይበዛል። ፍሪጁም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ሥራ ላይ መሆን አለበት፤ በመካከሉ ለሦስት ቀን ወደ 17 ዲግሪ ማውጣት፣ ከዚያ በየቀኑ በአንድና በሁለት ዲግሪ ማውረድ ነው። የሃይላንድ በረዶ ከሁለት ወደ ስድስት ከፍ ይበል።

---

የአዌቱ ዳር ▪ መጋቢት 12፣ ጠዋት 1፡30

ወንድሜ ለፋሲካ ይመጣል፤ ሁለት ፖስታ እንዲያመጣልኝ ዛሬ እጽፍለታለሁ። በሻንጣ ውስጥ ሁለት ቀን ሙቀት ቢያገኘው ይሞታል?

---

ቆርኪ ▪ መጋቢት 12፣ ጠዋት 1፡55

ደረቅ እርሾ እስከታሸገ ድረስ የሁለት ቀን ሙቀት አይገድለውም፤ እንደደረሰ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። አራት ፖስታ ይበሉት፤ ሁለቱን እኔ እገዛዎታለሁ።

---

እትዬ ማድጋ ▪ መጋቢት 12፣ ጠዋት 3፡10

ያችን የእንቁላል ማስቀመጫ ግን መልስላት፤ ከእንጨት አሠርተህም ቢሆን።